ደንቡ ምን ይሸልማል? ከሰይፍና ከዘንዶ ውጪ ስላሉ የሚና ጨዋታዎች የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለ ጨዋታ ነው። ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ገጸ ባሕርይ ይዘው፣ በቃላቸው እየተነጋገሩ አንድ ታሪክ አብረው ስለሚፈጥሩበት ጨዋታ። የሚና ጨዋታ እንበለው። መድረክ የለውም፤ ተመልካችም ሆነ ተጽፎ ያለቀ ተውኔት የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ከተጫዋቾቹ አንዱ የጨዋታ መሪ ይሆናል። አገሩን፣ አየሩን፣ በመንገድ የሚያጋጥሙትን ሰዎች የሚናገረው እሱ ነው። ሌሎቹ ደግሞ በያዙት ሰው ሚና ገብተው "በሩን አንኳኳለሁ"፣ "እውነቱን እነግራታለሁ" ይላሉ። ነገሩ ይሳካ አይሳካ ሳይታወቅ ሲቀር ዳይስ ይጣላል። የወጣው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ደንቡ ይነግራቸዋል፤ ታሪኩም ከዚያ ይቀጥላል።

ነገሩ ለእኛ ጨርሶ እንግዳ አይደለም። እንቆቅልሽ እየተጫወትን ያደግን ሁላችን እናውቀዋለን። መልሱ የጠፋበት ልጅ "አገር ስጠኝ" ይባላል፤ አገር ይሰጣል፤ አገር የተሰጠውም እዚያ ሄዶ ማን እንደተቀበለው፣ ምን በልቶ ምን እንደጠጣ ከራሱ ፈጥሮ ያወራል። በቃልና በስምምነት ብቻ አንድ ቦታ ይፈጠርና ሁሉም እዚያው ይገኛል። የሚና ጨዋታም መሠረቱ ይኸው ነው።

ይህን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው በአብዛኛው የሚያውቀው በአንድ ስም ነው፤ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ። ጠንቋይ፣ ባለ ሰይፍ ተዋጊ፣ ጨለማ ዋሻ፣ ዘንዶ፣ የተደበቀ ወርቅ። ሞክሮት ያልወደደው "ይህ ነገር ለእኔ አይሆንም" ብሎ ይተወዋል። ያልሞከረው ደግሞ "የልጆች ተረት ነው" ወይም "የአስማት ነገር ነው" ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም የፈረዱት አንድ ጨዋታ አይተው ነው። ከዚያ ውጪ ግን ስለ ሥራና ዕዳ፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ጎረቤት፣ መስማት ስለተሳናቸው ሕፃናት የተሠሩ ጨዋታዎች አሉ፤ እኔም ዛሬ ከእነዚህ ጥቂቶቹን ላስተዋውቃችሁ እወዳለሁ።

ከንግግሬ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ የምመርጠው ይህን ነው። በሚና ጨዋታ ሰው የሚያደርገው ደንቡ የሚሸልመውን ነው። ግድያን የሚሸልም ደንብ ገዳይ ያወጣል፤ መደማመጥን የሚሸልም ደንብ አድማጭ ያወጣል። ስለዚህ ጨዋታ ስንመርጥ "ታሪኩ የት ነው የሚፈጸመው?" ከማለታችን በፊት "ደንቡ ምን ይሸልማል?" ብለን እንጠይቅ።

አጀማመሩ

የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1969 በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት መንትያ ከተሞች፣ በአሻንጉሊት ወታደር የጦር ሜዳ ጨዋታ የሚጫወቱ ወጣቶች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ የነበረው ዴቪድ ዌስሊ በናፖሊዮን ዘመን የነበረች ብራውንስታይን የምትባል ምናባዊ የጀርመን ከተማ ፈጠረና ለተጫዋቾቹ ሠራዊት በመስጠት ፈንታ ሰው ሰጣቸው። አንዱ ከንቲባ፣ አንዱ ባለ ባንክ፣ አንዱ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ሆነ፤ እያንዳንዱም የየራሱ ዓላማ ነበረው። ተጫዋቾቹ ውጊያውን ረስተው እርስ በርስ ይመካከሩ፣ ይደራደሩ፣ ይካካዱ ጀመር። ዌስሊ ጨዋታው ከእጁ ያመለጠ መስሎት ነበር፤ ተጫዋቾቹ ግን ድገምልን አሉት።

ከተጫዋቾቹ መካከል የነበረው ዴቭ አርነሰን ይህን ሐሳብ ወስዶ ብላክሙር ወደሚባል የተረት አገር አዛወረው። ቀጥሎም በዊስኮንሲን ግዛት ሌክ ጄኔቫ ከሚኖረው ጌሪ ጋይጋክስ ጋር ሆኖ በ1974 ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን አወጣ። የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ቅጂ ነበር፤ ዋጋውም 10 ዶላር። ደንቡ የተቀዳው ከጦር ሜዳ ጨዋታ ስለሆነ ትልቁ ክፍሉ ስለ መምታትና ስለ መከላከል የሚናገር ነበር። ተጫዋቹ የሚያድገው በልምድ ነጥብ ሲሆን ነጥቡም የሚገኘው ጭራቅ በመግደልና ከዋሻ ወርቅ ይዞ በመውጣት ነበር። ተጫዋቾቹም ደንቡ እንዳለው አደረጉ፤ ገደሉ፣ ወርቅ አወጡ።

ከዚህ ታሪክ የምረዳው ዘንዶው ኋላ የመጣ መሆኑን ነው። መጀመሪያ የነበረችው ከንቲባና ባለ ባንክ ያሉባት አንዲት ትንሽ ከተማ ናት። "አማራጭ" የምንላቸው ጨዋታዎች ከዋናው መንገድ የወጡ አይደሉም፤ ሥሩ ላይ የነበረውን ነገር መልሰው ያነሡ ናቸው። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ለማጥላላትም አልቆምኩም። ከሃምሳ ዓመት በላይ ወዳጆችን ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቧል፤ ክብር ይገባዋል። የምለው፣ እዚያ ላይ አንቁም ነው።

ሥራ፣ ዕዳና ዕውቀት

በ1977 በኢሊኖይ ግዛት፣ ኖርማል በምትባል ከተማ የነበረው ጌም ዲዛይነርስ ወርክሾፕ ትራቬለር የተባለውን ጨዋታ አሳተመ፤ ደራሲው ማርክ ሚለር ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በሩቅ ዘመን፣ በከዋክብት መካከል ነው። ሰዎቹ ግን ጀግና ሆነው አይወለዱም። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ተጫዋቹ የሰውየውን የሥራ ዘመን በዳይስ ያሳልፋል። በንግድ መርከብ ተቀጠረ፤ አራት ዓመት አገለገለ፤ ዕድገት አገኘ ወይም ቀረበት፤ ሌላ አራት ዓመት ጨመረ። ከ34 ዓመቱ ጀምሮ እርጅና ይታሰብበታል። በመጀመሪያው እትም ደንብ መሠረት ሰውየው ገና ታሪኩ ሳይጀመር በአገልግሎት ላይ ሊሞትም ይችላል፤ ያኔ ተጫዋቹ ሌላ ሰው ይዞ እንደገና ይጀምራል።

መርከብ ያለው ሰው ደግሞ የባንክ ዕዳ አለበት። ከዋጋው 20 በመቶ በቅድሚያ ይከፍላል፤ ከዚያ በየወሩ የዋጋውን 240ኛ እጅ ለ480 ወራት፣ ማለትም ለ40 ዓመት ይከፍላል። ተደምሮ ሲታይ መርከቡ ከዋጋው ሁለት እጥፍ በላይ ያስወጣዋል። ቤት በባንክ ብድር የገዛ ሰው ይህን ደንብ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። የወሩ መጨረሻ ሲቀርብ ተጫዋቾቹ ጭነት ያፈላልጋሉ፣ ዋጋ ይከራከራሉ፣ ባይቀበሉት የሚሻላቸውን ሥራ ይቀበላሉ። አንድም ዘንዶ ሳይኖር ጭንቁ እውነተኛ ጭንቅ ነው፤ ምክንያቱም ደንቡ የሚሸልመው ኑሮን ማሸነፍን ነው።

በ1981 ኬኦሲየም የተባለው አሳታሚ ኮል ኦቭ ክቱሉን አወጣ። ሳንዲ ፒተርሰን የሠራው ይህ ጨዋታ ሃዋርድ ላቭክራፍት በጻፋቸው የአስፈሪ ታሪኮች ላይ የተመሠረተ ነው። ገጸ ባሕርያቱ የ1920ዎቹ ጋዜጠኞች፣ መምህራን፣ ሐኪሞች ናቸው። የሚያጋጥማቸው ነገር በጥይት የሚሸነፍ ስላልሆነ ከጠመንጃ ይልቅ የሚረዳቸው ቤተ መጻሕፍት ገብቶ መፈለግ ነው፤ ደንቡም ይህን እንደ ትልቅ ችሎታ ይቆጥረዋል። የእያንዳንዱ ሰው የአእምሮ ጤና በቁጥር ይያዛል። ስለሚያጋጥመው አስፈሪ ምሥጢር ያለው ዕውቀት ከፍ ባለ መጠን የአእምሮው ጣሪያ ዝቅ ይላል። ጣሪያው 99 ሲሆን ያገኘው የምሥጢር ዕውቀት ይቀነስበታል፤ 12 ነጥብ ያወቀ ሰው አእምሮው ከዚያ በኋላ ከ87 በላይ ሊያገግም አይችልም። ማወቅ ዋጋ እንዳለው በአንድ ቀላል ቅነሳ ያሳያል።

ላቭክራፍት ዘረኛ ነበር፤ ዘረኝነቱም በድርሰቶቹ ውስጥ በግልጽ ይታያል። በ2017 ክሪስ ስፓይቪ ለዚህ ጨዋታ ሃርለም አንባውንድ የተባለውን መጽሐፍ ሲያወጣ ይህን ፊት ለፊት ተጋፈጠው። ታሪኩን ወደ 1920ዎቹ የኒው ዮርክ ሃርለም ወሰደና ጥቁር አሜሪካውያንን የታሪኩ ባለቤቶች አደረጋቸው። ያ ዘመን ሃርለም በሙዚቃ፣ በሥነ ጽሑፍና በፖለቲካ ያበበበት ነው። የአገራችንን የቀድሞ ስም የያዘው አቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያንም በ1923 የተዛወረው ወደዚሁ ሰፈር ነው። ስፓይቪ የነካው ነገር ቀላል አይደለም። አንድ ደራሲ የናቃቸው ሰዎች የእሱኑ ታሪክ ተረክበው በራሳቸው ድምፅ እንዲናገሩ አድርጓል።

ታሪክን ከውስጥ ማየት

አንዳንድ ጨዋታዎች በእውነት የሆነ ታሪክን ያስተምራሉ። ከእነዚህ ቀድሜ የምጠራው በ2015 ጄሰን ሞርኒንግስታር ያወጣውን ናይት ዊችስን ነው።

በ1941 መጨረሻ ሶቪየት ኅብረት በናዚ ጀርመን ወረራ በተጨነቀችበት ጊዜ አብራሪዋ ማሪና ራስኮቫ የሴቶች የአየር ሬጅመንቶች እንዲቋቋሙ አስፈቀደች። ሥልጠናው በቮልጋ ዳር በምትገኘው ኤንግልስ ከተማ ተካሄደ። ከእነዚህ አንዱ በየቭዶኪያ በርሻንስካያ የሚመራው 588ኛው የሌሊት ቦምብ ጣይ ሬጅመንት ነበር። የተሰጣቸው አውሮፕላን ፖ-2 የሚባል፣ ከእንጨትና ከሸራ የተሠራ፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ ለማሠልጠኛ የታቀደ ባለ ሁለት መደብ ክንፍ ነው። ቀርፋፋ ስለነበረ በቀን ማብረር ራስን ማጥፋት ነበር። በሌሊት ግን ዒላማው ሲቀርብ የሞተሩን ኃይል ቀንሰው በአየር ላይ እየተንሸራተቱ ይመጡ ነበር። ጀርመኖች የሚሰሙት የነፋስ ሹክሹክታ ብቻ ስለሆነ "የሌሊት ጠንቋዮች" አሏቸው። እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ድረስ ከ20,000 በላይ በረራ አድርገዋል።

ጨዋታው ቀንና ሌሊት ይፈራረቁበታል። ቀን አውሮፕላን ይጠገናል፣ ነዳጅ ይለመናል፣ ከፖለቲካ ሹማምንት ጋር ይተያያል፣ የሞተች ጓደኛ ይለቀስላታል፣ ትንሽ ይተኛል። ሌሊት ይበረራል። ቀን በመተጋገዝ የተገኘ ነጥብ ሌሊት በረራው ላይ ይረዳል፤ ስለዚህ ቀን የተጣሉ ሁለት ሴቶች ሌሊት ዋጋውን ይከፍላሉ።

የዳይሱ አሠራርም ሊጤን ይገባል። ይህን አሠራር ያመጡት ቪንሰንት ቤከርና ሜጊ ቤከር በ2010 ባወጡት አፖካሊፕስ ወርልድ ነው። ሁለት ዳይስ ይጣላል። ድምሩ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ያሰብሽው ሆነ። 6 እና ከዚያ በታች ከሆነ ነገሩ ተበላሸ። ከ7 እስከ 9 ከሆነ ግን ያሰብሽው ይሆናል፣ ዋጋ ግን ያስከፍልሻል። ምንም ጭማሪ ባይኖር ከ36 ዕድል 15ቱ እዚህ መሐል ላይ ያርፋል። ድልድዩ ተመቷል፤ አውሮፕላኑ ግን ተቃጥሏል። ነዳጁ ተገኝቷል፤ የሰጠው መኮንን ግን ውለታውን ይፈልጋል። የጦርነትን እውነት ከብዙ ፊልሞች ይልቅ ይህ የመሐል ውጤት የሚነግረን ይመስለኛል፤ ንጹሕ ድል ጥቂት ነው።

ተጫዋቾቹ ወንዶችም ይሁኑ ሴቶች በአንድ ምሽት ስለዚያ ሬጅመንት የሚያውቁት ነገር ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ይበልጣል። ያነበቡትን ይረሳሉ፤ በስሟ "አልመለስም፣ እሷን ጥዬ አልሄድም" ብለው የወሰኑላትን ሴት ግን አይረሷትም።

አንድ ማኅበረሰብ፣ አንድ ዓመት

ከሁሉ አስበልጬ የምወደውን ልንገራችሁ። ስሙ ዘ ኳየት ይር ነው፤ ጸጥተኛው ዓመት እንደ ማለት። ሠሪዋ ካናዳዊቷ ኤቨሪ አልደር ናት፤ የወጣው በ2013 ነው። የሚያስፈልገው ተራ የመጫወቻ ካርታ፣ ባዶ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ጥቂት ዳይስና ጥቂት ጠጠር ነው። የጨዋታ መሪ የለም።

አንድ ትንሽ ማኅበረሰብ ከረጅም ጦርነት ወጥቷል። ፊቱ አንድ ዓመት ሰላም አለ። ካርታው 52 ነው፤ ዓመቱም 52 ሳምንት። ካርታዎቹ በወቅት ይከፈላሉ፤ የልብ ቅርጽ ያለባቸው ጸደይ፣ የስፔዶቹ ክረምት ናቸው። በየተራው አንድ ሰው ካርታ ያነሣል፤ ካርታው ጥያቄ ይጠይቀዋል ወይም ችግር ያመጣበታል፤ እሱም ወስኖ ወረቀቱ ላይ ይሥላል። ወንዙ እዚህ ነው፤ የፈረሰው ጎተራ እዚያ፤ ማንም የማይገባበት ጫካ በዚህ በኩል። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ተጫዋች ለማኅበረሰቡ ወሳኝ የሆነ አንድ ሀብት ይጠራል፤ ውኃ፣ እህል፣ መድኃኒት፣ መጠለያ። ከተጠሩት አንዱ ብቻ የተትረፈረፈ ይሆናል፤ ሌሎቹ ሁሉ እጥረት ይሆናሉ።

በየሳምንቱ ባለ ተራው ከሦስት ነገሮች አንዱን ይመርጣል። አዲስ ነገር ያገኛል፣ ወይም ሥራ ያስጀምራል፣ ወይም ውይይት ይጠራል። ጉድጓድ ይቆፈር ብላ አራት ሳምንት የመደበች ተጫዋች ዳይሷን 4 ቁጥር ላይ አድርጋ ሥዕሉ ላይ ታስቀምጣለች፤ ሳምንት ባለፈ ቁጥር አንድ ይቀነሳል፤ ሲያልቅ ጉድጓዱ ውኃ ያወጣል። ውይይት ሲጠራ እያንዳንዱ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይናገራል። ከዚያ ውይይቱ ያበቃል። ውሳኔ የለም፤ ማጠቃለያም የለም። በዚህ ላይ ተጫዋቾች ከተራቸው ውጪ ስለ ጨዋታው ማውራት አይፈቀድላቸውም።

ጠጠሮቹ ታዲያ ለምንድን ናቸው? ለቅሬታ ናቸው። "እኔን ሳያማክሩኝ ተወሰነ"፣ "የተናገርኩት ከቁም ነገር አልተቆጠረም" ያለ ተጫዋች ከመሐል አንድ ጠጠር አንሥቶ ፊቱ ያስቀምጣል። ዝም ብሎ ያስቀምጣል። ጠጠሩ ለሁሉም ይታያል። እኔ ከዚህ ደንብ የበለጠ ስለ ማኅበር ኑሮ የሚያስተምር ነገር በጨዋታ ውስጥ አላየሁም። በእድር፣ በሰበካ ጉባኤ፣ በነዋሪዎች ማኅበር፣ በስደት ባለ የኮሙኒቲ ጽሕፈት ቤት የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያልተነገረ ቅሬታ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። እዚህ ጨዋታ ላይ ቅሬታው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ይቆጠራል። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ያልቃል፤ ውኃውም ይገኛል፤ አንዱ ሰው ፊት ግን አምስት ጠጠር ተከምሯል። ማኅበረሰቡ በለጸገ ወይስ ተከፋፈለ? መልሱን ተጫዋቾቹ ራሳቸው ከዚያ ወረቀት ላይ ያነቡታል።

የስፔድ ንጉሥ ሲወጣ ዓመቱ ያልቃል፤ የበረዶ እረኞች የሚባሉ ይመጣሉ። እነማን እንደሆኑ ደንቡ አይናገርም። ንጉሡ ከክረምቱ ካርታዎች መካከል የት እንዳለ ስለማይታወቅ የጀመሩትን ሥራ ይጨርሱ አይጨርሱ ማንም እርግጠኛ አይሆንም።

መሰማት

ሌላው በቅርብ እንድታዩት የምፈልገው ሳይን የተባለው ጨዋታ ነው፤ ያዘጋጀው ቶርኒ ጌምስ ነው። መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው። እስከ 1970ዎቹ ድረስ በኒካራጓ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የጋራ የምልክት ቋንቋ አልነበራቸውም። በ1977 በዋና ከተማዋ በማናጓ ልዩ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ከየቤታቸው የመጡ 50 ያህል ልጆች ተሰበሰቡ። መምህራኑ ከንፈር ማንበብና ስፓኒሽ መናገር ሊያስተምሯቸው ሞከሩ፤ ብዙም አልተሳካም። ልጆቹ ግን በጨዋታ ሜዳና በአውቶቡስ ውስጥ በእጃቸው መነጋገር ጀመሩ። ከዚያ መነጋገር የራሱ ሰዋስው ያለው አዲስ ቋንቋ ተወለደ። በ1986 የቋንቋ ምሁሯ ጁዲ ኬግል ሄዳ ስታጠናው ዓለም ስለ ቋንቋ አፈጣጠር ከሚያውቀው ሁሉ የተለየ ነገር አገኘች።

በጨዋታው ተጫዋቾች የእነዚያን ልጆች ሚና ይይዛሉ። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ አንድም ቃል አይነገርም። እያንዳንዱ ልጅ ለሌላው ሊነግር የሚፈልገው አንድ እውነት አለው። መጀመሪያ ለስሙ ምልክት ይፈጥራል፤ ቀጥሎ ለጥቂት ቀላል ነገሮች አብረው ምልክት ይስማማሉ፤ ከዚያም በእነዚያ ጥቂት ምልክቶች እውነቱን ለማስረዳት ይታገላል። መልእክቱን ሳይረዱለት ቀርተው እንደተረዱት ሆኖ ያለፈ ወይም የሚፈልገውን ትቶ በሚችለው የተወሰነ ተጫዋች እጁ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ያደርጋል። በመጨረሻ ሁሉም እጃቸውን ያያሉ።

ቋንቋ ወደማይችልበት አገር የሄደ ሰው ይህን እጅ ያውቀዋል። በሐኪም ቤት ሕመሙን በሁለት ቃል ጠቅልሎ የተመለሰ፣ ከአሠሪው ፊት ሊል የፈለገውን ትቶ "እሺ" ብሎ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። አገሩን ትቶ የሄደው ወላጅና እዚያ የተወለደው ልጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ይህን ቢጫወቱ ከብዙ ምክር የሚበልጥ መግባባት ያገኛሉ ብዬ አምናለሁ።

ሌሎችም

ጊዜው ስለሚያጥር የቀሩትን በአጭሩ ላመልክታችሁ።

ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች በ2017 ከስዊድን የወጣውን ቴልስ ፍሮም ዘ ሉፕን እመክራለሁ። ገጸ ባሕርያቱ ከ10 እስከ 15 ዓመት የሆናቸው የ1980ዎቹ ልጆች ናቸው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ የቤት ችግርና ሲከፋው የሚሄድበት አንድ ሰው አለው። በደንቡ መሠረት ልጆች አይሞቱም።

ሳቅና ውጥንቅጥ ለሚወድ ፊያስኮ አለ፤ በ2009 የወጣው ይህም የሞርኒንግስታር ሥራ ነው። ተራ ሰዎች ከአቅማቸው በላይ አስበው ራሳቸውን ችግር ውስጥ ይከታሉ። ትዕይንቱን አንተ ከከፈትክ መጨረሻውን ሌሎቹ ይወስናሉ፤ እነሱ ከከፈቱልህ መጨረሻውን አንተ ትወስናለህ።

የፍቅርና የቤተሰብ ክብር ታሪክ ለሚያነብ ከአውስትራሊያ የመጣው ጉድ ሶሳይቲ አለ። በጄን ኦስተን ልቦለዶች ዓለም የሚፈጸም ሲሆን ተጫዋቾች በገጸ ባሕርያቸው ስም ደብዳቤ ይጽፋሉ። ስም መጥፋትና ስም መታደስ በደንብ ይቆጠራል።

ታሪክ አፍቃሪ ለሆነ ማይክሮስኮፕ አለ፤ ቤን ሮቢንስ በ2011 ያወጣው። የአንድ ሥልጣኔ መጀመሪያና መጨረሻ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ከዚያ ተጫዋቾች ወዲያና ወዲህ እየዘለሉ መካከሉን ይሞላሉ።

በ2005 የወጣው ድሬድ ደግሞ ዳይስ የለውም። ተጫዋቹ ጄንጋ ከሚባለው፣ ከተደራረቡ እንጨቶች ከሚሠራው ማማ ላይ አንድ እንጨት ይመዝዛል፤ ማማው ከወደቀ ሰውየው ከታሪኩ ይወጣል።

ስለ ስጋቱ

በ1980ዎቹ በአሜሪካ አንዳንድ ወላጆችና የሃይማኖት ቡድኖች የሚና ጨዋታን ከሰይጣን አምልኮ ጋር አያይዘው ብርቱ ዘመቻ ከፍተውበት ነበር። ክሱ በማስረጃ አልተረጋገጠም። ቢሆንም ልጁ ስለ አጋንንትና ስለ ጥንቆላ እየተጫወተ እንዳያመሽ የሚፈልግ ወላጅ ፍላጎቱ ሊከበርለት ይገባል። ለእሱ የምመልሰው "አትስጋ" ብዬ አይደለም፤ "ሌላ ምረጥ" ብዬ ነው። ከላይ ከዘረዘርኳቸው መካከል ጥንቆላም አስማትም የሌለባቸው ብዙ ናቸው።

ሌላው ስጋት ጨዋታው የሰውን ቁስል ሳያውቅ ሊነካ መቻሉ ነው። ጦርነት ያየ፣ ልጁን ያጣ፣ በስደት መንገድ ያለፈ ሰው ጠረጴዛው ላይ ሊኖር ይችላል። ለዚህ ጆን ስታቭሮፖሎስ ያስፋፋው ቀላል ዘዴ አለ። በትንሽ ወረቀት ላይ የኤክስ ምልክት ተደርጎ መሐል ይቀመጣል። አንድ ሰው ወረቀቱን ከነካ ያ ትዕይንት ይታለፋል፤ ለምን እንደሆነ ማንም አይጠይቀውም። ይህን ወረቀት ሳታስቀምጡ አትጀምሩ።

እንዴት እንጀምር?

ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ጆን ሃርፐር የጻፈው ሌዘርስ ኤንድ ፊሊንግስ አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ በነጻ ይገኛል። ተጫዋቹ ከ2 እስከ 5 አንድ ቁጥር ይመርጣል። በእርጋታና በስሌት የሚሠራ ነገር ሲሆን ዳይሱ ከቁጥሩ በታች ሊወጣለት ይገባል፤ በስሜትና በግንኙነት የሚሠራ ሲሆን ከቁጥሩ በላይ። የሰውየው ባሕርይ በሙሉ በዚያች አንዲት ቁጥር ላይ ነው። ብዙ ሰዎች ይህን አንድ ገጽ ለራሳቸው ታሪክ እየለወጡ አዳዲስ ጨዋታዎች ሠርተውበታል።

መጽሐፎቹ አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ጨዋታው ግን በቃል የሚካሄድ ስለሆነ በየትኛውም ቋንቋ ይሄዳል። ከመካከላችሁ አንድ ሰው ደንቡን አንብቦ ካስረዳ ሌላው ሁሉ በአማርኛ ይሆናል። የመጀመሪያው ምሽት እንዳይረዝምባችሁ፤ ሦስት ወይም አራት ሰው፣ አንድ ጨዋታ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይበቃል። ሲያልቅም ተነሥታችሁ አትሂዱ፤ ስለሆነው ነገር ተነጋገሩ።

በመጨረሻ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። እስካሁን የጠራኋቸው ጨዋታዎች የሌሎች ሰዎች ጭንቅና ተስፋ ናቸው። እኛም የራሳችን አለን። አንድ ሰፈርና እድሩን አስቡ። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ቤተሰብ ይይዛል፤ ክረምት ይገባል፣ ሥራ ይጠፋል፣ ሐዘን ይመጣል፤ ደንቡም የሚሸልመው ለቅሶ ቤት ማን እንደደረሰ፣ ማን ድንኳን እንደተከለ፣ ማን እንደቀረና ለምን እንደቀረ ነው። ይህን ለመጻፍ ኩባንያ አያስፈልግም፤ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። መምህራን፣ ደራስያን፣ የቴአትር ባለሙያዎች፣ እናንተም ወጣቶች፣ ይህን አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፉት። ስትጽፉም መጀመሪያ መልስ የምትሰጡት ጥያቄ ይህ ይሁን፦ ደንባችን ምን ይሸልማል?